ጀልባ ላይ የቆመ ሽማግሌ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኑሕ ሆይ፤

የደብዳቤ ሥርዓት ስለሚያስገድደኝ ስለ ጤናህ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን እንዳልጠየቅሁህ ቍጠረው። ጤናህን በዓይኔ አይቼ መጥቻለሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው የእኔ እኩያ እንደ ዝንጀሮ የጀልባ ገመድ ላይ ሲንጠላጠል ካየሁ በኋላ «እንደምን ሰነበትህ» ብዬ ብጽፍ ቀለም ማባከን ይሆንብኛል። የእኔን ጤና ብትጠይቀኝ ግን፣ ከሞምባሳ ከተመለስሁ ወዲህ ጋደም ባልሁ ቍጥር ቤቱ ይናጥብኛል። ባለቤቴ ዋጋነሽ «አርፈህ ተኛ እንጂ፣ አልጋው ምን አደረገህ?» ትለኛለች። አልጋው ምንም አላደረገኝ። ያደረግኸኝ አንተ ነህ።

የተናደድሁበትን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ። የተማርነው እንዲህ ነውና። መጀመሪያ ነገሩ፣ ቀጥሎ ማስረጃው፣ በመጨረሻ ፍርዱ፤ ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ተማሪ መዳፉን ይዘረጋ ነበር። አንተም ከጎኔ ተቀምጠህ ተምረኸው ነበር፤ ኋላ ግን አሰብ ወርደህ መርከብ ላይ ስትወጣ ትምህርቱን ወደቡ ላይ ጥለኸው ሄድህ መሰለኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ልጅህን ሰልሳቢልን መህዲ የተባለ ወጣት ለጋብቻ ጠየቃት። ልጁን ከሥር ከመሠረቱ አውቀዋለሁ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ያደገ፣ እኔ ርእሰ መምህር በነበርሁበት ትምህርት ቤት የተማረ፣ ዛሬ በውጭ አገር መርከብ ላይ የሞተር መሐንዲስ ሆኖ የሚያገለግል ጨዋ ልጅ ነው። ወገኖቹ ወደ ወንድምህ ወደ አህመድ ሽማግሌ ላኩ። አህመድም፣ እናቷ ዙቤዳ ካረፈች ወዲህ ልጅህን ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤቱ እንደ ልጁ የሚያኖራት እርሱ ቢሆንም፣ «አባቷ በሕይወት እያለ ኒካህ ላይ እኔ አልሰጣትም፤ ወይ ይምጣ፣ ወይ ውክልና ይስጠኝ» ብሎ መለሰ። እንደ ሃይማኖታችሁም እንደ ጨዋነትም ልክ ብሏል። በስልክ ቢነግሩህ «አይሆንም» ብለህ ዘጋህ። ምክንያት ቢጠይቁህ ምክንያት የለህም። ልጁ ከረመዳን በፊት ወደ መርከቡ ይመለሳል፤ ልጅቷ ሌላ አላገባም ትላለች፤ አንተ ስልክ ትዘጋለህ። ስለዚህ ሽማግሌ ድንበር ተሻግሮ ሞምባሳ ይሂድ ተባለ።

ሦስት ነበርን የተመረጥን። ሐጂ አብራር የዓይን ቀዶ ሕክምና ያዛቸው። አቶ ጃለታ ፓስፖርታቸው አልደረሰላቸውም። ቀሪው እኔ ሆንሁ። ክርስቲያን ሽማግሌ ለኒካህ ጉዳይ መላኩን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ኮልፌ ያደገ ሰው ግን አይስቅም።

እንግዲህ ወደ ማስረጃው ልለፍ።

የደረስሁ ዕለት አቅፈኸኝ አለቀስህ፤ አበላኸኝ፤ አልጋህን ለቀህልኝ መሬት ተኛህ። ይህን አልክድም። ነገር ግን ከእራት በኋላ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ኑሕ ወንድሜ፣ የመጣሁበት ጉዳይ…» ብዬ ስጀምር «ነገ በጀልባ እየዞርን እንነጋገራለን፤ አሁን ደክሞሃል» አልኸኝ። እኔ አልደከመኝም ነበር። ተመላሽ አውሮፕላኔ ከነገ ወዲያ እንደሆነ ታውቃለህ። ያለችኝን አንዲት ቀን ይዘኸኝ ውኃ ላይ ወጣህ።

ጠዋት ጥቁር ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ልጅ ለመጠየቅ የተላከ ሰው የሚለብሰው እንዲህ ነው። አንተ በቁምጣ ነበርህ። የልጅ አባት፣ ሽማግሌ የሚቀበል ሰው፣ በቁምጣ! የአሮጌው ወደብ ደረጃ ላይ ጀልባዋን የምትጋሩት ባካሪ የሚባሉት ሰው ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ እንደ ፍራሽ የተነፋ ሰደርያ ይዘው ጠበቁኝ።

«ይህን ልበስ» አልኸኝ።

«ከሙሉ ልብሴ በላይ?»

«ካሻህ ከሥር ልበሰው።»

«ኑሕ፣ እኔ ለቁም ነገር የተላክሁ ሰው ነኝ።»

«ኃይልዬ፣ ውኃው ርእሰ መምህር ብሎ አያልፍህም። ልበስ።»

ለበስሁት። በጋብቻ ሽምግልና ታሪክ እንዲያ ሆኖ የቆመ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ሸራው ተወጠረና ከወደቡ ወጣን። «ቁጭ በል» አልኸኝ። አልቀመጥም አልሁህ።

«ለምን?»

«ሽማግሌ ነኛ። ጉዳዬ ሳይሰማ፣ እሺ ሳልባል አልቀመጥም። ኮልፌ እንዲህ ነው፤ ረስተኸው ካልሆነ።»

«እሱ ለሳሎን ነው እንጂ ለጀልባ ነው እንዴ!»

«ሥርዓት ቦታ አይመርጥም።»

«እንግዲህ ሥርዓት ካልህ» አልህና ገመዱን እየቋጠርህ ሳቅህ፣ «ሽማግሌ ሦስት ነው። አንተ አንድ ነህ። አንድ ሰው ሽማግሌ አይባልም፤ እንግዳ ነው የሚባለው።»

ይህ ነካኝ። ወደ ባካሪ በከዘራዬ አመለከትሁና «ሁለተኛው እሳቸው ናቸው» አልሁህ። አንተ ለማላገጥ በስዋሂሊ ነገርሃቸው። በእነርሱም አገር ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው ማለት ነው፤ ሰውዬው መሪውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ቀስ ብለው ብድግ አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። ሳቅህ ቀነሰ።

«ሦስተኛውስ?»

«ምሰሶው ነው» አልሁህ። «ከሁላችንም በፊት የቆመው እርሱ ነው።»

እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። ነገሩን ጀመርሁ። ለወራት ሳሰናዳው የከረምሁት መግቢያ ነበረኝ፤ ከአባትህ ደግነት ተነሥቶ፣ በዙቤዳ ትዕግሥት አልፎ፣ ልጅ የአገር መሆኑን አስረድቶ፣ ወደ ጥያቄው ቀስ ብሎ የሚገባ። ሐጂ አብራር ሰምተውት «ድንጋይ ያቀልጣል» ብለውኛል። ከአባትህ ደግነት አላለፍሁም።

«ያቺን እያት!» አልኸኝ።

ትልቅ የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ ደረቅ ዓሣና ከሰል ታራግፋለች። ተሸካሚዎች ከጀልባዋ እስከ ወደቡ በተዘረጋች ቀጭን ሳንቃ ላይ ጆንያ ተሸክመው ይመላለሳሉ፤ ሳንቃዋ እንደ ቀስት ትጎብጣለች። ጥግ ላይ አንድ ሽበታም መርከበኛ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሸሚዙን ይሰፋል።

«ያ ሰውዬ» አልኸኝ፣ «ሁለት አገር ሁለት ቤት አለው። በሁለቱም ቤት ልጆቹ እንግዳ ሲመጣ ይደበቁበታል።»

«ይደበቁበታል?»

«እንግዳው እሱ ነዋ።»

«ኑሕ፣ አባትህ ደግ ሰው ነበሩ» አልሁህ።

«ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ራስህን ዝቅ አድርግ!»

ነፋሱ ተለውጦ ኖሯል። ባካሪ ጮኹ፤ ሸራው የተሰቀለበት ረጅም ግንድ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተጠማዘዘ መጣ። አንተ ገመድ ላይ ተንጠልጥለህ «ተቀመጥ!» ትለኛለህ።

«እሺ አልህ?»

«አላልሁም! ራስህን ይልሃል፣ ሰውዬ!»

«እንግዲያው ይበለኝ!»

ምሰሶውን አቀፍሁት። ግንዱ ራሴን ሳተኝ፤ ባርኔጣዬን ግን አልሳተውም። ዋጋነሽ «የት ጣልኸው?» ስትለኝ «ሕንድ ውቅያኖስ» አልኋት፤ ቡና ቤት ረስቼው እንደመጣሁ ነው እስከ ዛሬ የምታምነው። ከዚያም የጀልባው ጠርዝ ላይ አጎነበስሁ። ባሕሩ አይደለም፤ ጠዋት ያበላኸኝ በኮኮናት የተሠራ ነገር ነው። ባሕር እኔን አያጥወለውለኝም።

ደሴቲቱን ዞረን ኪሊንዲኒ ወደሚሉት ትልቁ ወደብ ስንገባ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘህ። ሰውና መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ከፊታችን አለፈ። ሰው በሰው ላይ ቆሞበታል፤ ዶሮ የያዘ፣ ብስክሌት የያዘ፣ ልጅ ያዘለች። ጦር ኃይሎች ማታ ላይ የታክሲ ሰልፍ ታስታውስ የለም? ያ ሰልፍ እንዳለ ተነቅሎ ውኃ ላይ ቢቀመጥ ማለት ነው። ስታያቸው ቆየህና «እነዚህ ሁሉ ማታ ቤታቸው ይገባሉ» አልኸኝ። እኔ «እንዲያውም ስለ ቤት ካነሣህ፣ ልጅ የሚያድገው…» ብዬ ቀጠልሁ። አልሰማኸኝም።

ከዚያ ክሬኖቹ መጡ። ረጃጅም ናቸው፤ ኮንቴይነሮቹን እንደ ክብሪት ቀፎ እያነሡ ይደረድራሉ። አንዲት መርከብ፣ ከፍታዋ ከአህመድ ኮንዶሚኒየም የሚበልጥ፣ ከሥሯ ስናልፍ ፀሐዩን ከለከለችን። አንገትህን ቀና አድርገህ «አየኸው? ትንሹን ሰውዬ?» አልኸኝ። እላይ አጥሩ ላይ ክርኑን አስደግፎ ከተማውን የሚያይ አንድ ወጣት ነበር።

«ውረድ ካላሉት አይወርድም» አልኸኝ። «የመስጊዱን ድምፅ ይሰማል፤ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ይደርሰዋል፤ ሴቶቹን በሩቁ ያያል። ነገ ይሄዳል። ሞምባሳን አውቃታለሁ ይላል ለሰው።»

ከዘራዬን ከፍ አድርጌ ሰላምታ ሰጠሁት። እጁን አነሣልኝ። ያ ወጣት ነበር በዚያ ቀን እኔን ያከበረ ሰው፤ እርሱና ባካሪ።

ምንድን ነው የሚሠራው ይህ ሰው? አልሁ በልቤ። ሰማይ አቋርጬ፣ ድንጋይ የሚያቀልጥ ንግግር ይዤ መጥቼ፣ እንደ አስጎብኚ ጀልባና ክሬን ያሳየኛል። በውኃ የተከበበ ሽማግሌ በሩን ዘግቶ መሄድ እንኳ አይችልም። ኮልፌ ቢሆን ኖሮ ከዘራዬን አንሥቼ፣ ነጠላዬን አራግፌ፣ «እንግዲህ ደህና ዋሉ» ብዬ ወጥቼልህ ነበር። ለዚህ ነው ጀልባ የመረጥኸው አልሁ። ይህንንም ጮኼ ነገርሁህ፤ «ፈሪ ነህ፤ ሽማግሌ ትሸሻለህ» አልሁህ። መልስህ ሸራውን ማላላት ሆነ።

ከትልልቆቹ መርከቦች አልፈን ውኃው ጸጥ ወዳለበት ጥግ ገባን። አንተ ከመርከብ ሕይወት ከወጣህ በኋላ ዕድሜህን የጨረስህበት የመርከብ መጠገኛ ግቢ መሆኑን ሳትነግረኝ ዐወቅሁት፤ ድምፅህ ተለውጦ ነበርና። ግማሹ ዛሬም ይሠራል፤ መዶሻ ይሰማል፤ የብየዳ ብልጭታ ይታያል። ግማሹ ግን የተተወ ነው። መርከብ ከውኃ የሚጎተትባቸው ሐዲዶች ወደ ባሕሩ ገብተው ዝገዋል። አንድ አሮጌ ክሬን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በጎናቸው የተጋደሙ መርከቦች ስማቸው ተልጦ ፊደል ፊደሉ ብቻ ቀርቷል። ሸራውን በገዛ እጅህ አወረድኸው።

«እዚያ» አልኸኝ። በጣትህ ያሳየኸኝ መርከብ አልነበረም፤ መርከብ የነበረበት ባዶ ቦታ ነው። «ዙቤዳ የሞተች ቀን እዚያ ነበርሁ። ዘይት የምትጭን መርከብ ሆድ ሥር ተንጋልዬ እበይዳለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ጭንብል አድርጌያለሁ፤ መዶሻው ይጮኻል። አልሰማሁም። ለምሳ ስወጣ አህመድ ደጋግሞ ደውሏል። መልሼ ስደውልለት ከቀብር እየተመለሱ ነበር።»

«መጣህ እኮ» አልሁህ።

«መጣሁ። ሰው ሁሉ ‹አይዞህ› አለኝ። አንድ ሰው እንኳ ‹የት ነበርህ?› አላለኝም። ብትሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞርህና፣ «ልጁ ጨዋ ነው አልህ፤ አይደል? እኔስ ባለጌ ነበርሁ? ጠጣሁ? ሌላ አገባሁ? ጨዋ ነበርሁ፣ ኃይልዬ። ጨዋ ሆነህም ትቀራለህ። ዙቤዳ ስትጠብቀኝ አለቀች። በስልክ ድምጿ ራሱ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ እሰማው ነበር። ልጄን ለመርከበኛ አልሰጥም። አይሆንም።»

እኔም የአቅሜን ተናገርሁ። የመህዲ ዘመን እንደ አንተ ዘመን አይደለም አልሁህ፤ ውል አለው፣ ወራቱ ሲሞላ በአውሮፕላን ይመልሱታል፣ መርከቡ ላይ ሆኖ ፊቷን እያየ ያዋራታል፣ ስልክ…

«ስልክ እኔም ነበረኝ» አልኸኝ።

ድንጋይ የሚያቀልጠው ንግግሬ እዚያ ላይ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ ያሳየኸኝ ሁሉ፣ ሸሚዙን የሚሰፋው ሰውዬም፣ ማታ ቤታቸው የሚገቡትም፣ እላይ የቆመው ወጣትም፣ መልስህ እንደነበረ የገባኝ። የባሰ ተናደድሁ።

«ይህን በስልክ ማለት አትችልም ነበር? ለምን ባሕር ታዞረኛለህ?»

«በስልክ ብልህ ትመክረኝ ነበር» አልኸኝ። «አንተ ሲነግሩህ አትሰማም፤ ሲያሳዩህም በግድ ነው።»

ተቀመጥሁ። እሺ ተብዬ አይደለም የተቀመጥሁት፤ ይህን አትርሳ፣ እኔም አልረሳውም። በዕድሜዬ ስንት ቤት ለሽምግልና ቆሜ እሺ ሳልባል የተቀመጥሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም የተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሼ። ባካሪ በእጃቸው ውኃ ሰጡኝ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን አንተ አታውቀውም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ አንብብ።

«አይሆንም»ህን ተሸክሜ ኮልፌ ገባሁ። አህመድ ቤት ተሰበሰብን። ሐጂ አብራር አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ መጡ፤ አቶ ጃለታም መጡ። እኔም ሽማግሌ እንደሚያደርገው ነገሩን አለሳልሼ፣ «አባቷ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ልባቸው ግን…» እያልሁ ሳለ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሰልሳቢል ወጣች። ስለ ራሷ ጋብቻ ሽማግሌ በተቀመጠበት ሳሎን! የእኛ እናቶች ቢሆኑ ሳል እንኳ አያሰሙም ነበር።

«አባባ ኃይለ መስቀል» አለችኝ፣ «አባቴ ያለውን ሳያሳምሩ ይንገሩኝ።»

አህመድ «አንቺ፣ ወደ ውስጥ ግቢ!» አላት።

«ጋሼ፣ ስለ እኔ አይደል የምታወሩት? ስለ እኔ ከሆነ ልስማው።»

ነገርኋት። ምን ላድርግ? መጠገኛ ግቢውን፣ ባዶውን ቦታ፣ ስልኩን፣ ሁሉንም ነገርኋት። ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን አዘጋጅቼ ነበር። «ድምጿ እያነሰ ሲሄድ እሰማው ነበር» ያልኸውን ስነግራት ግን ሳቀች። አዎን፣ ሳቀች! አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ።

«ወይኔ እማዬ!» አለች። «አባባ፣ እሱ ድምፅ እኮ የውሸት ነው።»

«እንዴት ያለ ውሸት?»

«እማዬ መስኮት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነው እንዴ የሚያስባት? መቼ ተቀምጣ! ጠዋት ሱቋን ትከፍታለች፤ ከአከፋፋዮቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች፤ ዓርብ ዓርብ ቤታችን በሴት ይሞላል፤ ሳቋ እታች ፌርማታው ድረስ ይሰማል። አባዬ ሲደውል ‹ዝም በሉ! ዝም በሉ!› ትለናለች። ጉሮሮዋን ትጠርግና ድምጿን ታሳንሳለች። እንዲህ ነው የምታደርገው…»

አሰማችን። ኑሕ ወንድሜ፣ ዙቤዳ ከመቃብር ተነሥታ የተናገረች መሰለኝ። የደከመች፣ የተከፋች፣ ቀጭን ድምፅ፤ «ሄሎ… ኑሕ? … አለሁ። ደህና ነኝ። ምን እላለሁ፣ አለሁ…» አህመድ ሳቁና እንባው ተቀላቀለበት። «እውነቷን ነው» አለ፤ «እኔም ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ስልኩን ስትዘጋ በሳቅ ትፈርስ ነበር።»

«‹ካላሳዘንሁት አይመጣም› ትል ነበር» አለች ልጅህ። ከዚያ ሳቋን ተወች። «አልከፋትም አልልም። የዒድ ዕለት ጠዋት ይከፋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ይለቃት ነበር። ግን እየጠበቀች አላለቀችም፤ ስኳር ነው የገደላት። አባዬ የሚያውቃት በስልክ ነው። የኖረችው ከእኔ ጋር ነው። መርከበኛ ማግባት ምን እንደሆነ በዚህ ሰፈር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሴት ካለች አምጧት። አውቄው ነው እሺ ያልሁት።»

ሐጂ አብራር በደህነኛው ዓይናቸው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ርእሰ መምህሩ ምን ይላል እንደማለት። «መልካም» አልሁ። «ይህን ሁሉ አሳምሬ ለአባትሽ እጽፈዋለሁ።»

«እርስዎ ሲጽፉ ይረዝማል» አለችኝ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሙሽራ የራሷ ሽማግሌ የምትሆነው?»

«ሽማግሌው ሄደው ምን ይዘው መጡ፣ አባባ?»

አህመድ ሳል ያዘው። ሳል አልነበረም።

እኔ ተቃውሜአለሁ፤ ተቃውሞዬም በዚህ ደብዳቤ ይታወቅልኝ። ሴት ልጅ ራሷን ልታስፈቅድ ድንበር ተሻግራ ስትሄድ በአገራችን አልታየም፤ ይህ ነገር ከተለመደ ነገ እኛ ሽማግሌዎች ሥራ ፈትተን ፀሐይ መሞቅ ነው የሚቀረን። አቶ ጃለታ ግን «ልጅ አባቷ ቤት ብትሄድ ምን ነውር አለው?» አሉ። የአህመድ ባለቤት ሰልዋ አብራት ተነሣች። ደብዳቤው ይረዝማል ያለችው ልጅ ደብዳቤውን በቦርሳዋ ይዛልህ መጥታለች። ታሽጓል፤ አላነበበችውም። እንደማውቃት ግን አንተ ስታነብ ፊትህን እያነበበች ነው።

አሁን ፍርዱ ቀረ። ፍርዱን ለመስጠት እኔ አልበቃም። አንተ ያሳየኸኝን ሁሉ አይቻለሁ፤ እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። ነገር ግን ያሳየኸኝ የሚሄደውን ሰው በኩል ብቻ ነው። የቀሪዋን በኩል አንተም አላየኸውም፤ አልነበርህማ። ያየችው ይህች ልጅ ናት። ለዓመታት የተሸከምኸው ኀዘን ግማሹ የዙቤዳ ተንኮል ከሆነ፣ አላህ ይማራት እንጂ እኔ በእርሷም ተናድጄአለሁ፤ ሁለታችሁም ለየብቻ ስታስለቅሱኝ ኖራችኋልና።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አዝዝሃለሁ፤ አልለምንህም። ይህን ወረቀት አጥፈህ አስቀምጥና የእናቷን የስልክ ድምፅ እንድታሰማህ ጠይቃት። አታፍርም፤ ታሰማሃለች። ሰምተህ ስታበቃ «አይሆንም» ማለት ከቻልህ ለራሷ በላት፤ እኔ ዳግመኛ አልሸከምልህም። ካልቻልህ ደግሞ ሱሪ ልበስና ከልጅህ ጋር ተሳፍረህ ና፤ ቦሌ ማን ይቀበለናል ብለህ አትጨነቅ።

ሰላምታዬንና ንዴቴን በአንድ ላይ አስሬ ልኬልሃለሁ፤ ለያይተህ ተቀበል።

ወንድምህ
ኃይለ መስቀል